ለዮጋ ያነጠፍኩት ፍራሽ ለቅሶ ሆኖ አረፈው

በገዛ ቤቴ ለቅሶ ተቀምጦ ማን እንደሞተ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አትመኑኝ። በራሴ ላይ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ናት። ዛሬ ጠዋት ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቅና «እማማ፣ ለዮጋ የቱ ምንጣፍ ይሻለኛል? ሐምራዊው ወይስ አረንጓዴው?» አለችኝ። ምንጣፍ ብቻ አይደለም። ብሎክ አለ፣ እግር መሳቢያ ቀበቶ አለ፣ ድቡልቡል ትራስ አለ። እነዚህ ከሌሉሽ ዮጋሽ ዮጋ አይደለም ይላል ማስታወቂያው።

ሳቄ መጣ። ከዚያ አፈርኩ። ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ጉድ ዛሬ ፖስት ላደርገው ነው። ስክሪንሾት አንስታችሁ ለሮማን የምትልኩ ካላችሁ ግን እንጣላለን!

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ናዝሬት። እኔ ገና ያላገባሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ።

በደርግ ጊዜ ዮጋ? አዎ፣ ዮጋ! ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ነበሩ። ባለቤታቸው ሚስስ ሻንታ እሁድ እሁድ ጠዋት በግቢያቸው ውስጥ ለአራት ሴቶች ዮጋ ታሳይ ነበር። እኔ የሄድኩት ወገቤን ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ስር መቆም ቀልድ አይደለም።

ያረጀ አንሶላ አጥፈን እሱ ላይ ነበር የምንሠራው። ሁለት ወር ያህል የሚስስ ሻንታ ዓይን ከእኔ ላይ አልተነሳም። «ቬሪ ጉድ፣ ተዋበች» ትለኛለች። ያን የሰማሁ ቀን ምሳ ባልበላም ግድ የለኝም።

ከዚያ ሲስተር ሮማን መጣች።

ሮማን የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ጓደኛዬም ናት። ምነው፣ በጓደኛ አይቀናም? እናንተ የምትቀኑት በማታውቁት ሰው ነው? አንገቷ መለሎ፣ ወገቧ እንዳዘዘችው የሚታጠፍ። ይሁን፣ ይህን ቻልኩት። አንድ እሁድ ግን ሰማያዊ የስፖንጅ ምንጣፍ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ከች አለች።

ስፖንጅ! ከቀበሌ ሱቅ ሳሙና ለመግዛት በምንሰለፍበት ዘመን።

«ዘመድ ልኮልኝ ነው» አለች። የትኛው ዘመድ ስላት የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ሚስስ ሻንታ ምንጣፉን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችና ሮማንን ከፊት አስቀመጠቻት፤ እኛ እሷን እያየን እንድንሠራ። እኔ ወደ ኋላ ተገፋሁ።

ቅናት ሰውን ምን ያደርጋል? እኔን ገበያ አወጣኝ።

መጀመሪያ ቀበቶ። ተኝቶ እግርን ወደ ላይ ለመሳብ ጠፍር ጥሩ ነው ትል ነበር ሚስስ ሻንታ። ለጋሪ ፈረሶች ዕቃ የሚሰፋ ሰውዬ ጋ ሄጄ ባለዘለበት ጠፍር አሠራሁ። አንደኛ ቆዳ ነው። ሽታው ግን በሳሙናም አልለቅ አለ። ያን ሳምንት የናዝሬት ጋሪ ፈረስ ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ ብሎክ። ለውይይት ክበብ የታደሉን ወፋፍራም ቀይ መጻሕፍት ነበሩኝ። ሁለቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሲባጎ ጠፈርኳቸው። ከፍቻቸው ምንም አልገባኝም ነበር፤ ተዘግተው ግን ወገቤን ቀጥ አድርገው ደገፉልኝ።

ምንጣፉስ? ስፖንጅ ከየት ይምጣ? ገበያ ወርጄ አዲስ ሰሌን ገዛሁ። ነጋዴው ለምን እንደምፈልገው አልጠየቀኝም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ በገመድ ጥሩ አድርጎ አሰረልኝና ትከሻዬ ላይ ራሱ አስቀመጠልኝ። ስፖርተኛ የሚያከብር ሰው አጋጠመኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ገባችሁ አይደል? ሰሌን ሟች የሚጠቀለልበት መሆኑን እኔ አጥቼው ነው? ሮማንን እንጂ ሌላ ነገር ማየት አቁሜ ነበር።

ልብሱም አለ። ሮማን ቱታ አላት። እኔ ለመተጣጠፍ የሚሆን ያለኝ ልብስ በአባቴ ሐዘን ጊዜ ያሰፋሁት ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነው። እሱን ለበስኩ። እንዳይንዘላዘል ወገቤን በነጠላ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ነገ ሮማንን የማስከነዳበት ቀን ስለሆነ ቤቴ ውስጥ ልለማመድ ብዬ ሰሌኑን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ጉልበቴን ቆረቆረኝ። የአልጋዬን የጥጥ ፍራሽ ጎትቼ አወረድኩና ከላይ ጣልኩበት። ሙቀቱ ደግሞ የናዝሬት ሙቀት ነው፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ጥቁር ቀሚስ፣ የታሰረ ወገብ፣ መሬት የወረደ ፍራሽ፣ የተከፈተ በር። አበሻ ሆኖ ይህን የማያነብ ማን አለ?

ተንበርክኬ ግንባሬን ፍራሹ ላይ ደፋሁ። ሚስስ ሻንታ ያሳየችን አተነፋፈስ አለ፤ ዓይን ተጨፍኖ፣ አፍ ተዘግቶ፣ በአፍንጫ እንደ ንብ ህምምም ማለት ነው። መቶ ጊዜ። መሀል ላይ ዓይኑን የገለጠ ወይም ያወራ ከአንድ ይጀምራል። ሮማን ባለፈው እሁድ መቶውን ጨርሳለች። እኔ ሰባ ላይ አስነጥሶኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ያኔ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ነው። ያሳደግኩት እኔ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ። ደብዳቤ ከጻፈልኝ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ግቢው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደፍሮ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ሠላሳ ሁለት ላይ ስደርስ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆሙ። እንደ እናቴ የማያቸው ትልቅ ሴት ናቸው።

«ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንሽ?» አሉ።

ህምምም። ሠላሳ ሦስት።

ትንሽ ቆሙ። ሰሌኑንም ፍራሹንም ሳያዩ አልቀሩም። ከዚያ እየሮጡ ሲሄዱ እግራቸውን ሰማሁ። ተቀየሙኝ መሰለኝ፣ በኋላ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ቆጠራዬን ቀጠልኩ። ስልሳ አካባቢ የእድራችን ጡሩምባ ተነፋ። ምስኪን፣ የማን ቤት ይሆን አልኩ በሆዴ።

ሰማንያ ላይ የሰው ኮቴ። ዘጠና ላይ የሆነ ሰው አፍንጫውን ሳበ።

መቶ! ዓይኔን ገለጥኩ።

ዘጠኝ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ፍራሼን ከበው ተቀምጠዋል።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ እስከ ዛሬ አልስቅም። መርዶ ለባለቤቱ በአንድ ሰው አፍ ዱብ አይደረግም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ከብቦ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። አዴ ጫልቱ «ያ ሳቂታ፣ ያ ደረጀ» ሲሉ «ወንድሜን!» ብዬ ጮህኩ። የእውነቴን ነው። እኔ ስጮህ የእነሱ ለቅሶ በረታ፤ የእነሱ ሲበረታ እኔ ባሰብኝ። እነሱ ከእኔ ሰማን ብለው ነው የሚያለቅሱት፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ።

የእድሩ ድንኳን መትከያ እንጨት ግቢ መግባት ሲጀምር ሮማን ደረሰች። ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ፍራሼ ላይ ተደፋችና «ደረጄ፣ የኔ ዓለም» እያለች ታነባ ጀመር።

ክፋቴን ልናዘዝ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል፣ ይቺ ሴት በገዛ ወንድሜ ለቅሶም ልትበልጠኝ ነው አልኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ተወዳደርኳት! ቆይቶ ነው «የኔ ዓለም» የሚለው ነገር የከነከነኝ።

ያን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገቡ። የግንባር መርዶ የሚመጣው በእሳቸው በኩል ነው። የለቀስተኛውን ፊት አንድ በአንድ አዩና ቀስ ብለው «መርዶውን ማን ነው ያመጣው?» አሉ። የሐሰት የግንባር ወሬ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። ለቅሶው ቀጥ አለ።

እኔ ወደ አዴ ጫልቱ አየሁ። አዴ ጫልቱ ወደ እኔ አዩ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«እኔ ዮጋ እየሠራሁ ነበር» አልኩ።

እስቲ ይህን ለቀበሌ ሊቀመንበር አስረዱ! የፈረሱን ጠፍር አሳየኋቸው፣ እግሬን በእሱ ስቤ አሳየኋቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሲያነሱት ተቀደደና ቀዩ ልባስ ብቅ አለ። «የውይይት መጻሕፍቱ ወገብሽ ስር ምን ይሠራሉ?» ሲሉኝ፣ እየተደገፍኩባቸው ነው አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ንዴት ይሁን ሳቅ አላውቅም፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሮማን ከፍራሹ ተነሳች። ከደረቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሐሙስ ዕለት ነው የደረሰኝ፣ ደህና ነኝ ይላል አለች።

አዴ ጫልቱ እልልታውን አቀለጡት። ወንድሜ ከሞት ተነሳ! ያሳደገችው እህቱ ታዲያ ምን አለች? ተመስገን አለች?

«ለምን ላንቺ ጻፈ?»

አዎ። ይህን ነው ያልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሮማን እንባዋን እየጠረገች ሁሉንም ዘረገፈችው። ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ጊዜ እኔ ቤት ተያዩ። ይኸው አምስት ወር ይጽፍላታል። ያንን ሰማያዊ ስፖንጅም ከአስመራ በሹፌር እጅ የላከላት እሱ ነው። ለእኔ ትንፍሽ እንዳትል ያስማላትም እሱ ነው።

ደብዳቤውን ከእጇ መነጨቅኳት። ለማንበብ አልነበረም፤ እንደሚገባ ለመቅናት ነው።

ጽሕፈቱ የደረጀ አልነበረም።

ስንት ዓመት ደብተሩን ያረምኩለት ልጅ ነው። የሱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ብቆጣውም ብለምነውም አልተስተካከለም። ይሄኛው በማስመሪያ የተሠመረ ይመስል ቀጥ ያለ የሌላ ሰው እጅ ነው። ቃላቱ የደረጀ ናቸው፣ ቀልዱም የሱ ነው፣ እጁ ግን የሱ አይደለም። ለእኔ ያልጻፈልኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሮማን ጽሕፈቱን አይታ አታውቅም። እኔ ግን አንድ መስመር ይበቃኛል።

«ምነው? ምን አየሽ?» አለችኝ ሮማን።

ምንም አልኩና አጥፌ መለስኩላት። ሮማን የማታውቀውን ነገር እኔ ሳውቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር። እንዲያ እንደሚከብድ ባውቅ ሰሌኑንም አልገዛ፣ ፍራሹንም አላወርድ።

ደረጀ በዓመቱ መጣ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች አልነበረም። አቅፌው ዋልኩ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ደብተር ገዝቼ፣ እርሳስ ቀርጬ፣ በግራ እጁ ከሀ ጀምሬ አስቆጠርኩት። ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ወገቤ ተቆረጠ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስም ለብቻው የጻፈ ቀን ወረቀቱን ለማየት ተሽቀዳደምኩ።

የማን ስም ይመስላችኋል?

«ሮማን።»

ፊቴን አይቶ «ያንቺ ይረዝማል፣ እጄ ደከመው» አለኝ። ሳቅኩ። ወጣ ብዬም አለቀስኩ፤ ሲጠይቁኝ የደስታ ነው አልኳቸው። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። እኔም ሠርጋቸው ላይ እስኪነጋ ጨፍሬያለሁ።

ግን እስቲ እናንተ ኮሜንት ላይ ሳታዳሉ ፍረዱኝ። እውነት እጁ ደክሞት ነው?