የባለአክሲዮኖች ጎመን

ሰው ገንዘብ ሲጠየቅ ምሳሌ ማብዛት ከጀመረ ኪሳችሁን ዳብሱ። «አለ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃል፤ «የለም» ለማለትም እንዲሁ። «አለ፣ ግን አይሰጥም» ለማለት ነው ተረት የሚያስፈልገው። ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን አይደለም። ኢኮኖሚክስ አጥንቼ፣ ባቹን በአንደኝነት ጨርሼ፣ በረዳት መምህርነት እዚያው እቀራለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ቦታው ከእኔ በታች ለወጣ ልጅ ተሰጠ። ያስረዱኝ አለቃ ስለ ትዕግሥት ሦስት ምሳሌ ነገሩኝ። ምሳሌዎቹ ጥሩ ነበሩ። እኔ እነሆ እስከ ዛሬ ዲላ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ።

ያ ልጅ ደግሞ የአክሲዮን ማኅበራችን የቦርድ ሰብሳቢ ሆኗል። ቂመኛ ነህ አትበሉኝ። የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ነው፤ አንደኛ የወጣሁትም በእሱ ነበር።

ማኅበራችን ከፀሐይ ኃይል ያመነጫል፣ ይሸጣል። ከወናጎ እስከ ጨለለቅቱ ባሉ የቡና ማጠቢያዎችና ሱቆች ጣሪያ ላይ ሰሌዳዎቹን ይተክላል። ስሙን አልጠራም፤ ባለአክሲዮን ነኝና ስም ባጠፋ የማጠፋው የራሴን ነው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ያተርፋልም። ትርፉ ግን እንደ ክረምት ፀሐያችን ነው፤ ከደመናው በላይ መኖሩን ሁሉም ያምናል፣ የሞቀው ሰው ግን የለም። ሁለት ዓመት በተከታታይ «ለማስፋፊያ ይዋል» ተብሎ ተመልሷል።

በሦስተኛው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ገጽ ንግግር ጽፌ ሄድኩ። ያን ሰው በሕዝብ ፊት የማርምበትን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አጠገቤ የተቀመጡት ከወናጎ የመጡት እማማ ዲንቄ ነበሩ። እማማ ዲንቄ አክሲዮናቸውን የገዙት ጊደር ሸጠው ነው። ልጃቸው ታሪኩ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤት በገቡ ቁጥር «እማዬ፣ ወረቀትሽ ስንት ሊትር ታለበ?» ይላቸዋል። ዘንድሮም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ አክሲዮኑን ሸጠው ላም እንዲገዙ ቆርጦ ነግሯቸዋል። እሳቸው መሸጥ አይፈልጉም። «ለልጅ ልጄ ብዬ ነው እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሰብሳቢው ተነሣ። ሪፖርቱን አነበበ፣ ትርፉን ነገረን፣ አጨበጨብን። ከዚያ ውሃ ጠጣና ድምፁን አለሳለሰ። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ምሳሌ ሊመጣ ነው።

«ክቡራን ባለአክሲዮኖች፣ የእናንተ ማሳ ምስክር ነው። እንሰት ተክሎ በዓመቱ የሚነቅል ገበሬ አይታችኋል?»

«አላየንም!» አለ አዳራሹ።

«ስለዚህ ዘንድሮም ትርፉ አይነቀልም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ስለ ቦንድ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ቢያወራ ኖሮ ማንም አፉን አይከፍትም ነበር። እሱ ግን ጌዴኦ ምድር ላይ ቆሞ፣ ለጌዴኦ ገበሬ፣ ስለ እንሰት አስተማረ። ለአናጢ ስለ ምስማር እንደማስተማር ነው።

እማማ ዲንቄ እጃቸውን አወጡ።

«አንተ ልጄ፣ አባትህ እንሰት ነበረው?»

«እንዴታ እናቴ! በእንሰት ነው ያደግኩት።»

«እሺ። እንሰቱ እስኪደርስ ምን ትበላ ነበር?»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ያው... ጎመን ነዋ።»

«ጎመኑ የት ነው የተተከለው?»

«እዚያው... በእንሰቱ መካከል።»

«አየህ! እንሰት አትንቀል፣ እኔም አልነቅልም። ግን የእኛ ሰው እንሰት ብቻ ተክሎ ጾሙን አያድርም። እስኪደርስ ከሥሩ ጎመን ይቀነጥባል። የእኛ ጎመን የታለ?»

አዳራሹ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ጎመኑን ቦርዱ በልቶት ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢው ከሳቁ መውጫ ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና «እስቲ ባለሙያም አለን፣ መምህር ይናገር» አለ። እኔ ሦስቱን ገጾች ይዤ ተነሣሁ። የገንዘብ ፍሰት አለ፣ የመጠባበቂያ ሂሳብ አለ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ለሰውየው ብቻ የተዘጋጀ አንድ ስለታም ዐረፍተ ነገር አለ። ሁሉንም አየሁና «እናታችን እንዳሉት» ብዬ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልክ የተሳለ ቢላ ሽንኩርት ሳይከትፍ ወደ ሰገባው ተመለሰ።

ጉባኤው ወሰነ፤ እኩሌታው ለማስፋፊያ ይቀመጥ፣ እኩሌታው ይከፈል።

የክፍያው ቀን ሐሙስ ነበር። እማማ ዲንቄ ታሪኩን አስከትለው መጡ። ብሩን ከመስኮቱ ተቀብለው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ቁጠር። ወረቀት ነው ብር ነው?»

«ብር ነው፣ እማዬ» አለ ታሪኩ፤ መሳቅም መኩራትም አማረው።

«ወረቀቴ ታለበ?»

«ታለበ።»

ጣቶቹ ሳይጨበጡ ብሩን መልሰው ወሰዱና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በዚህ አክሲዮን ጨምርልኝ።»

እኔ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ መልሰው ለሚሰጡት ነው እንዲያ የተከራከሩት?»

በሐዘኔታ አዩኝ፤ ተምሮ ያልገባውን ሰው እንደሚያዩት።

«የኔን እኔ ልተወው እንጂ፣ ሰብሳቢው ለምን ይተውልኛል?»

እናትና ልጅ በባጃጁ እየተጨቃጨቁ ሄዱ፤ ላሟ ግን ከጭቅጭቁ ወጥታለች። እኔም ከዚያ የሚበልጥ የትርፍ ክፍፍል ፖሊሲ በየትኛውም መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም። በጣም ተነካሁ። የራሴን ድርሻ ተቀብዬ፣ እየተነካሁ፣ በቀጥታ ሥጋ ቤት ገባሁና ግማሽ ኪሎ አዘዝኩ።

ጥግ ላይ ሰብሳቢው ተቀምጦ ይጎርሳል። የእሱ አክሲዮን ከእኔ ስለሚበዛ ሙሉ ኪሎ ነበር ያዘዘው።