የጥርስ ሐኪሙ ከወለተ እንግሊዝ የተነሡበት ዜና

በዘመነ ጡረታ፣ የቀኝ ጉልበታቸው በከዳቸውና ግራውም ለመክዳት በዶለተበት ዓመት፣ ጌታችን የጥርስ ሐኪሙ፣ መዋዔ መንጋጋ፣ ነቃሌ ክራንቻ፣ ናዛዜ ድድ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያነገሷትን መኪና ለገበያ ያወጡ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። እኛም ዜና ጸሐፊያቸው ያየነውን እንጂ የሰማነውን አንጽፍም፤ ከአጥር በላይ የታየውን ግን አንድም ሳናስቀር አይተናል።

መኪናይቱም ወለተ እንግሊዝ ትባል ነበር። አረንጓዴ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ከሸራ የሆነ፣ ሸራውም ፀሐይ ሲሆን እሺ ብሎ የሚዘጋ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን አሻፈረኝ የሚል፤ ወለሏም ለመሬት እጅግ ከመቅረቡ የተነሣ የተቀመጠባት ሰው የእግረኛን ጉልበት እንጂ ፊቱን አያይም። ዘይት ያላንጠባጠበችበት ቀን ቢኖር ዘይቷን የጨረሰችበት ቀን ነው። ወደዚያ ግቢ የገባችውም ከጌታችን ሚስት ከእመቤት ቀድማ ነበርና፣ እመቤት ይህን አንድ ቀን እንኳ አልረሱም።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጌታችን መግባቱንስ ይገባሉ፤ ጣጣው መውጣቱ ነው። ወገባቸው አልታዘዝ፣ ጉልበታቸው አልዘረጋ ሲል፣ ጋራዡ ውስጥ መሪ ጨብጠው ይቀመጣሉ፤ ግቢው ጭር ሲልላቸው በጎን ተንከባልለው፣ በአራት እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ወርደው፣ መደርደሪያውን ተንጠላጥለው ይቆማሉ። ምን ስታደርግ ዋልክ የተባሉ እንደሆነ ሞተሯን ሳዳምጥ ብለው ይመልሳሉ። እመቤትም፣ የቀድሞዋ ርእሰ መምህርት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ጸጥ ያሰኙ የነበሩት፣ ባላቸው ከእሳቸው ጋር ከመቀመጥ ከብረት ጋር መቀመጥ የመረጠ መሰላቸው። ከበረንዳቸውም ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! የዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ ስሙ! ከመኪና ጋር ተዘግቶ የሚውል ባል አልፈልግም። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም!»

ጌታችን እውነቱን በአንዲት ቃል ተናግረው መገላገል ይችሉ ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የሰው አፍ ሲያስከፍቱ የኖሩት ሰው የገዛ አፋቸውን መክፈት አቃታቸው። ሽማግሌ ሆንኩ ከማለት መኪናዋን መሸጥ ቀለላቸው፤ ሲሸጡም ማንም ሰው ፊት ላይገቡባት በልባቸው ማሉ። እነሆም አዋጃቸው፦

«ሕዝብ ሆይ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እንደ ዓይን ብሌን የተያዘች፣ ከአንድ ጌታ በቀር ሌላ የማታውቅ መኪና ለሽያጭ ቀርባለችና ገዢ ነኝ የምትል ና። ጎማ በእግሩ የሚመታ ግን አይምጣ!»

በዚያም ቀን ከጌታችን ጋር የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ የእመቤት ወንድም፣ ምንም ቢበላሽ «ይቻላል» ከማለት ስለማያርፍ ይቻላል የተባለው፣ ከነገመዱና ከነጀሪካኑ፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፤ የልብስ ሰፊውም ውሻ፣ ማንም ሳይጠራው።

መጀመሪያ የመጣው ለሙሽሮች መኪና የሚያከራይ ሰው ነበር። ጌታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ከውጭ ሆነው አዘዙት፦ የአየር መቆጣጠሪያውን እጀታ ሳብ፣ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን የቤንዚን ፓምፕ በዚህች መዶሻ ኳ አድርግ፣ ሲያንኳኳ ስማ፣ ጸጥ ሲል ቁልፉን አዙር። ሰውየው ግን ሳይሰማ አዞረ፤ ቤንዚን አስጠጥቶ ሞተሯን አፍኗት፣ አፍሮ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ጎረምሳ ጉልበቱ ከመሪው ሥር አልገባ ብሎት እንደ ድመት ዘሎ ወጣ። ጌታችን ይህን አወጣጥ ባዩ ጊዜ ሽያጩ ከመፍረሱ ይልቅ የልጁ ዘሎ መውጣት አንገበገባቸው።

ወእምዝ አዋላጇ መጡ፤ ክንደ ብርቱዋ፣ ሰፈሩን ሁሉ ወደዚህ ዓለም ስበው ያወጡት። መኪናይቱን ዞረው አዩ፤ ጎማም አልመቱ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝማ! እኔ መኪና የምገዛው ባለቤቱ ሲነዳው አይቼ ነው። ጌታዬ ገብተው ዞር ዞር ያድርጉልኝ፤ አለበለዚያ ደኅና ዋሉ!»

ሁሉም ወደ ጌታችን ዞረ። ማምለጫም ስለጠፋ ጌታችን ከዘራቸውን ለይቻላል ሰጥተው እንደ ጆንያ ወደ መቀመጫው ወረዱ፤ ፓምፑን ኳ አደረጉ፤ ወለተ እንግሊዝም አጉረምርማ ተነሣች። በበሩ ወጡ፣ ፋርማሲውን አለፉ፣ የዳቦ ቤቱን ሰልፍ በጥሩምባ በተኑ፣ የመንገዱን ኩሬ ሰንጥቀው አሸንፈው ተመለሱ፤ በራ ራሳቸውን ነፋስ እየመታው፣ ደስ ብሏቸው፣ ደስታቸውን መደበቅ እስኪያቅታቸው ድረስ።

ሞተሩም ጠፋ። ሕዝቡ ጠበቀ፤ ጌታችን አልወጡም። መስታወቱን አስተካከሉ። የዘይት መለኪያውን አመሰገኑ። አቧራ የሌለበትን ወለወሉ። ይቻላልን ጨርቅ አምጣ ብለው ላኩት፣ ባመጣው ጊዜም ለሌላ ጨርቅ ላኩት። እመቤት ከበረንዳው ሆነው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሰው ፊት እንኳ ሊለያት አልቻለም ብለው ነበርና። ኋላ ግን ዓይናቸው የጌታችን እጅ ላይ ወደቀ። የበሩን ጠርዝ የጨበጠው፣ ስንቱን ክራንቻ የነቀለው እጅ ጌታውን ከመቀመጫው መንቀል አቅቶት ነበር።

እመቤት ደረጃውን ወረዱ። ጎንበስ ብለው ጌታችንን ብብታቸው ሥር ያዟቸው። አዋላጇም ነገሩ ገባቸውና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በሙያቸው ቀርበው አዘዙ፦

«ይግፉ ጌታዬ! ይግፉ! አይዞዎት፣ መጣ፣ ጭንቅላቱ መጣ!»

ይቻላል ከኋላ ገፋ፣ ልብስ ሰፊው ቀበቶ ሳበ፣ ውሻው ጮኸ፤ ጌታችንም ቀይ ሆነው፣ እያቃሰቱ፣ ዳግመኛ ወደ ዓለም ወጡ። እመቤትም ሳይለቋቸው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፦

«ስሙ! መኪናዋ ተሸጣለች፣ አለቀ! ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ቤት መነሣት ያቃተው ሰው ይጣራ! ይሄን ሁሉ ጊዜ እሷን ከእኔ አስበልጦ የወደደ መስሎኝ ስቃጠል የኖርኩት ይበቃኛል!»

አዋላጇም መዶሻዋን ተረክበው፣ ፓምፑን አዳምጠው፣ መኪናቸውን ነድተው ሄዱ። ጌታችን በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት፤ አለቀሱም እንላለን፣ እሳቸው አቧራ ነው ቢሉም።

ክብር ይገባቸዋል ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለመዋዔ መንጋጋ፣ ለነቃሌ ክራንቻ፣ ለናዛዜ ድድ! ስማቸው ከጋራዥ እስከ ፋርማሲ፣ ከፋርማሲም እስከ ዳቦ ቤት ይጠራ! ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ከሶፋው ላይ በራሳቸው መነሣት እየቻሉ ሚስታቸውን ተጣርተዋልና፤ እመቤትም እንደሚችሉ እያወቁ መጥተው አነሧቸው።