ዳኘው ፊልም ሲዳኝ

በየዘመዱ መካከል ፊልም ለማየት ሳይሆን ፊልሙን ለፍርድ ለማቅረብ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ቆሎውን እየቆረጠመ ሲመለከት እሱ እጁን አጣምሮ ችሎት ይሰየማል። የይርጋለም ባል እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስሙም ዳኘው ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ?

ችሎቱ የሚሰየመው ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ፣ እስራኤል አገር፣ ካርሜ ጋት በሚባል ሰፈር፣ በልጃቸው በቤኒ ቤት ነው። ቤኒ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገዝቷል። እሱ ጦርነትና ፍንዳታ ይወዳል። ሚስቱ ኢንባል የሚያስፈራ ነገር ካልሆነ አይጥማትም፤ ትራስ አቅፋ እየጮኸች ታያለች። ይርጋለም የፍቅር ነው የምትወደው፤ መጨረሻ ላይ ቢገናኙም ታለቅሳለች፣ ባይገናኙም ታለቅሳለች። ፊልሙን በየተራ ይመርጣሉ። ዳኘው ብቻ ተራ የለውም። «ዳኛ የቀረበለትን ነው የሚያይ» ይላል።

የቀረበለት ሁሉ ጥፋተኛ ነው። በጦርነቱ ፊልም፣ «ይህ ሰውዬ ጥይቱ አያልቅበትም? ምንጭ ነው እንዴ የታጠቀው?» ይላል። በሚያስፈራው፣ «ቤቱ ጋኔን እንዳለበት አወቁ፤ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? የኪራይ ውሉ እስኪያልቅ ነው?» ቀልድ ሲሆን ፊቱን ቋጥሮ ይቀመጥና ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ «ቀልዱ ሲመጣ ንገሩኝ» ይላል። በፍቅሩ ፊልም የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም፤ «ገና ከጅምሩ ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር!»

«አባ፣ ዳይ! ይበቃል፣ እንይበት እንጂ!» ይላል ቤኒ። ኢንባል ትራሱ ውስጥ ትስቃለች። ይርጋለም ግን ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር አንድም ፊልም በሰላም ጨርሳ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ክሱ ተለወጠ። ዳኘው ጥይቱንና ጋኔኑን ተወና የፊልም ሠሪዎቹን ንፉግነት ያዘ። «የዘንድሮ ፊልም ሁሉ ጨለማ ነው፤ መብራት ይሰስታሉ» አለ። ቀጥሎም፣ «ተዋንያኑ ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ይርጋለምም ሳቀች። በዚያው ሰሞን፣ በሚሠራበት ፋብሪካ፣ ለዓመታት ሲነዳው ከኖረው ዕቃ ማንሻ፣ ከመልገዛው ወርዶ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረ። «ጀርባዬን አሞኝ ነው» አላት። እውነት መስሏት ጀርባውን በቅባት ስታሽለት ከረመች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ የመምረጡ ተራ የይርጋለም ሆነ። ፊልሙ ገና ሲሞቅ ቤኒ ስልክ ተደወለለትና አቁሞት ወደ በረንዳ ወጣ። ኢንባል ወደ ማድቤት ሄደች። የተዋናይቷ ፊት ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ዳኘው አገጩን እያሻሸ፣ «እንዲህ የሚጎተት ፊልም አይቼ አላውቅ! ትናገር እንጅ፣ ምን ይዘጋታል?» አለ።

ኢንባል ከማድቤቱ በር ላይ ሆና በሳቅ ፈረሰች። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት!»

ዳኘውም አብሯት ሳቀ። ይርጋለም አልሳቀችም። ባሏ ሲቀልድ የከንፈሩ ዳር እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለች። አልተንቀሳቀሰም። የሳቀውም ከኢንባል በኋላ ነው።

ቤታቸው እንደገቡ መብራቱን አብርታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ዳኘው፣ ምን ለብሻለሁ?»

«ቀሚስ ነዋ።»

«ምን ዓይነት?»

«የሚያምርብሽን።»

«ዳኘው!»

ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ጉም ነው» አለ። «መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ አሁን ውሎ ያድራል። ሰው እንዳልገጭ ብዬ ነው ከመልገዛው የወረድሁ። ፊልሙንም መጥፎ ነው ካልሁ፣ ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።»

«ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምናለ?»

«አባቴ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በዱላ ሲዳብስ ነው የሞተ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ይህንኑ የሚነግረኝ መሰለኝ።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። አጠገቡ ተቀመጠችና ቀሚሱ አረንጓዴ መሆኑን ነገረችው።

ወደ ጤና መድናቸው፣ ወደ ቁፓት ሆሊም፣ ደውላ ቀጠሮ ያዘችና ክንዱን ጨብጣ ወሰደችው። ሐኪሟ ዓይኑ ላይ መብራት እያበራች አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን መረመረች። ይርጋለም የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ጠበቀች። በመጨረሻ ሐኪሟ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ፣ «የዓይን ሞራ ነው፤ በሁለቱም። በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ያያል። ግን እስከዛሬ ለምን ዝም አላችሁ?» አለች።

«የፊልሙ ጥፋት መስሎኝ» አለ ዳኘው። የከንፈሩ ዳር ተንቀሳቀሰ።

አውቶቡስ ሲጠብቁ ግን ቀልዱ ጠፋ። «አባቴም እኮ የነበረችበት ይችው ሞራ ብቻ ኖራ ይሆናል» አለ። ይርጋለም ወደ እሱ ተጠጋች። እጁን ያዘችው፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም አልለቀቀችውም።

አንዱ ዓይን ተሠራ፤ ሌላውም ተከተለ። ዳኘው ጨርሶ በዳነ ሰሞን ቤኒ ሁሉንም ሰብስቦ ያንኑ ፊልም ከመጀመሪያው አቀረበ። «ፍርዱ እንደገና ይታይ፣ አባ» አለው።

ዳኘው ተቀመጠ። ፊልሙ ተጀመረ፤ ዝም አለ። ሰውዬውና ሴትዮዋ ተጣሉ፤ ዝም አለ። ሽማግሌ ሳይላክ ታረቁ፤ አሁንም ዝም። ይርጋለም ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ሰላም አገኘች፤ ግን አላመነችውም። ፊልሙን ትታ ባሏን ታይ ጀመር። ጉሙ ተመልሶ ይሆን? ደብቆኝ ይሆን? ቤኒና ኢንባልም አንገታቸውን እያዞሩ በስርቆት ያዩታል። ፊልሙ አለቀ። ሁሉም ወደ ዳኘው ዞሩ።

«እንዴት አዩት፣ አባ?» አለ ቤኒ።

«ያኔ ሳላየው ነው የፈረድሁበት» አለ ዳኘው በቀስታ። «ግፍ ነው የሠራሁ።»

ቤኒ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ።

«አሁን ግን በደንብ አየሁት። ከገመትሁትም የባሰ ነው! ሰውዬው ያን ሁሉ ዝናብ ሮጦ፣ ተንበርክኮ ሲለምናት፣ ጫማው ደረቅ ነው!»

«አይደለም!» አለች ኢንባል።

ቤኒ ወደ ኋላ መለሰው። ይርጋለም ያኔ ያለቀሰችበት ቦታ ነው። ከሰውዬው ፀጉር ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጫማው ግን ገና ከሱቅ የወጣ ይመስል ያበራል። ከዚያ ሁሉ ግድግዳ ጥግ ላይ፣ ያቺን የምታህል ነገር አይቷል!

«ተመስገን!» አለች ይርጋለም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ኢንባል ግራ ገባት። «ስለ ጫማው ነው፣ እማማ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ፣ ስለ ጫማው» አለች ይርጋለም ዓይኗን እየጠረገች። ዳኘው ግን ጫማውን ጨርሶ ወደ ሰውዬው ቀበቶ አልፎ ነበር።