የጋሽ ገመቹ ዓሣዎች ውሃ

በየግቢው ውሃ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ቧንቧ መጣ ሲባል ጄሪካን ይዞ ይሮጣል፤ እሱ ግን ቆም ብሎ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል። ዲላ ውስጥ በእኛ ግቢ ይህ ማዕረግ የጋሽ ገመቹ ነው፤ የዓሣዎች አባት፣ የቧንቧዎች ሁሉ መርማሪ።

ጋሽ ገመቹ አልጋውን ጥግ አስይዞ፣ መሀል ቤቱን ለመስታወት የዓሣ ገንዳ ለቋል። ከገንዳው አጠገብ ውሃውን በግፊት እያጣራ ጨውና ክሎሪኑን የሚያስቀር ማሽን አለ። ይህ ማሽን እኔ ሌሊት ሳነብ ከግድግዳው ማዶ ሲያጉረመርም ያድራል። ስንቴ ግድግዳውን ደበደብኩ!

እስክሪብቶ የምትመስል የውሃ ጥራት መለኪያ ከደረት ኪሱ አትለይም። ካፌ ከማኪያቶው ጋር የቀረበለት ውሃ ውስጥ ይነክራታል። አንዴ ለቅሶ ቤት ነክሮ ቁጥሩን አየና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። የሟች እህት "እንዴት ቢወደው ነው!" ብላ አብራው አለቀሰች።

ማሽኑ አንድ ባልዲ ለማጥራት ሦስት ባልዲ ይጥላል። የተጣለውን ልብስ እናጥብበታለን።

"ዓሣ የተጣራ፣ እኛ ትርፉን!" ትላለች አከራያችን እትዬ አትጠገብ። "ወንዝ ውስጥ ማን አጣርቶለት ነው የኖረው?"

"ወንዝ ክሎሪን የለውም እትዬ። ለክተውታል?"

"ለክተውታል?" ካለ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ዓሣዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ጣሉ። የተጣራ ውሃ በየቀኑ ካልተጨመረ እንቁላሎቹ እንደሚበላሹ ነግሮን፣ በመስኮቱ ስናልፍ እንኳ በሹክሹክታ እንድናወራ አዘዘ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ አቋረጠ፤ ቧንቧውም ጠፋ። ማሽኑም ዝም አለ። ለእንቁላሎቹ ያስቀመጠው አንድ ጄሪካን ብቻ ቀረ።

እሱንም ተሸክሞ ሄዶ ጎረቤታችን አራሷ ቦንቱ በር ላይ አስቀመጠው።

"ለአንቺና ለልጁ ነው። ለክቼዋለሁ።"

"እንቁላሎቹስ ጋሼ?"

"እነሱ ይታገሡ" አለና ተመልሶ ገንዳው ፊት ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሰዓት ዝናብ መጣ። ቀድማ የወጣችው እትዬ አትጠገብ ነበረች።

"ቆዩ! መጀመሪያ ጣሪያው ይታጠብ!" ብላ ጮኸች። ቀጥሎ ድስቱም ባልዲውም ጠብታው ስር ተደረደረ። እኔም መጽሐፌን ትቼ ሳፋዬን አወጣሁ።

ጋሽ ገመቹ መለኪያውን ይዞ በዝናቡ ውስጥ ዞረ። ነከረ፤ አየ፤ ደግሞ ነከረ።

"ከእኔ ማሽን ይሻላል" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለች እትዬ አትጠገብ ወገቧን ይዛ። "በደንብ ለክተኸዋል?"

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ቧንቧውም ሲመለስ ጋሽ ገመቹ በሬን አንኳኳ።

"ዝናብ እያለ ማሽኑን ላጥፋልህ። ሌሊት ይረብሽሃል አይደል?"

ማሽኑ ዝም ያለባቸውን ሌሊቶች አስታወስኩ። ያለ ድምፁ መጽሐፉ አንድ ገጽ እንኳ አልተገፋልኝም ነበር።

"ኧረ ተወው ጋሼ" አልኩት። "ይሥራ።"