ሃሌ ሉያ ሲባል ቀድመው የሚነሡት ሰው

መዘምራን በቆሙበት አዳራሽ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው የሚመጣው ዝማሬውን ለመስማት አይደለም፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚሰማ ለመቆጣጠር ነው። መቼ እንደሚጨበጨብ፣ መቼ ማሳል እንደሚፈቀድ፣ መቼ ብድግ እንደሚባል ያውቃል። ይባስ ብሎ ለምን እንደሆነም ያውቃል። የእኛ፣ በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የትንሿ ከተማ የብራክንሾው፣ ክቡር ሚስተር ኢኖክ ሱትክሊፍ ይባላሉ፤ የሱፍ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤቴ ዶሪን ከመዘምራኑ አንዷ ስለሆነች እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው እንድቀመጥ ተፈርዶብኛል።

«ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» የእሳቸው ሰላምታ ይህቺ ናት። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ መልስ አትፈልግም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ «አዎ፣ አውቃለሁ» ብላቸው እስከ ዕረፍት ድረስ አኮረፉኝ።

እንደ እሳቸው ከሆነ፣ አንዱ ዝማሬ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሚያስለው ጉሮሮው ስለከረከረው አይደለም። አባቶቻችን በሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ውስጥ የገዛ ሳላቸው አይሰማቸውም ነበር፤ ስለዚህ ጸጥታ ባገኙ ቁጥር አሁንም ማሳል መቻላቸውን ይሞክሩ ነበር። በጸሎት ቤታችን ጭብጨባ የሚቆጠበው ደግሞ በአያታቸው ዘመን ከጣሪያው ላይ ልስን ተፈንቅሎ የሰባኪው ሻይ ውስጥ ስለገባ ነው። የሚንት ከረሜላ ወረቀቱ የሚፈታው ዝማሬው ሳይጀመር ነው። እኔ አንዴ መሐል ላይ ብፈታ፣ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩት እኚሁ ሰውዬ የተግሣጽ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ላኩልኝ። ከራሳቸው ከረሜላ ግን አንዲት እንኳ ቀምሼ አላውቅም።

ዋናው ሥልጣናቸው ሃሌ ሉያ ላይ ነው። በየዓመቱ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ «ሃሌ ሉያ» የሚባለውን የታወቀ የጥንት ዝማሬ ሲጀምሩ አዳራሹ በሙሉ ይቆማል። ድሮ አንድ ንጉሥ ሲሰማው ብድግ አለ፣ ንጉሥ ቆሞ የሚቀመጥ ስለሌለ ሁሉም ተነሣ ይባላል። ንጉሡ ለምን ብድግ እንዳሉ ግን ሚስተር ሱትክሊፍ በየዓመቱ አዲስ ምክንያት ነበራቸው። አንድ ዓመት የንጉሡ እግር ደንዝዞ ነበር። በሌላው ዓመት ተኝተው ሲባንኑ ያለቀ መስሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ የልብስ ሰፊያቸው መርፌ ሱሪያቸው ውስጥ ተረስቶ ነበር። ምክንያቱ ይለዋወጥ እንጂ በብራክንሾ ቀድመው የሚነሡት አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ነበሩ፤ ሌላው ሰው የሚያየው ንጉሡን ሳይሆን የእሳቸውን ማጅራት ነው።

ታዲያ ካቻምና ሚስ ሮዌና ፔል የምትባል አዲስ የመዘምራን መሪ ከለንደን መጣች። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ታዳሚው ሃሌ ሉያ ሲባል እንዳይነሣ በትሕትና ጠየቀች፤ የወንበሩ መንኳኳት በቀጭን ድምፅ የሚዘምሩትን ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹን፣ ይረብሻል። ሚስተር ሱትክሊፍ ወረቀቷን ይዘው በሻይ ሰዓት ሄዱባት።

«ንጉሡ ያን ቀን እዚያ ለመገኘታቸው ማስረጃ የለም» አለቻቸው።

«አለመገኘታቸውንስ ማን አየ፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

ችግሩ ሌላ ነበር። ሚስተር ሱትክሊፍ በጥቅምት የግራ ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም፣ እኔ ግን ደረጃቸውን ወደኋላ ሲወርዱ አይቻለሁ። ያን ቅዳሜ አጠገቤ ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ዘንድሮ እኔ ካልተነሣሁ ማንም አይነሣም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ ተቀምጠው መቅረታቸው ነው።» በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ።

ሃሌ ሉያው ተጀመረ። የፊቱን አግዳሚ ጨብጠው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አሉና ተመልሰው ዘጭ አሉ። ከኋላችን ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ማጅራታቸውን እያየ ይጠብቃል። ዶሪን በወፍራም ድምፅ ከሚዘምሩት ሴቶች፣ ከአልቶዎቹ፣ መሐል ሆና ቆሻሻ ማውጣት ስረሳ በምታየኝ ዓይን አየችኝ። እጄን ብብታቸው ሥር ከተትኩ።

«ተወኝ» አሉ።

«ዝም ይበሉ» አልኳቸው፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

አነሣኋቸው። ጠመም ብለው ቢሆንም ቆሙ። የብራክንሾ ሕዝብ ደግሞ ሚስተር ሱትክሊፍ እንዳደረጉት ማድረግ እንጂ ሌላ አያውቅም። የዘንድሮው ሥርዓት እንዲህ ነው ብሎ፣ እያንዳንዱ ያጠገቡን ሰው ብብት ይዞ ማንሣት ጀመረ። ፖስተኛው በአጥር ጠብ ዘጠኝ ዓመት ያላነጋገሩትን መበለት አነሣ። ሁለት ወፍራም ወንድማማቾች እኔ ላንሣህ፣ እኔ ላንሣህ ሲባባሉ ሁለቱም ዘግይተው ቆሙ። ሚስ ፔል ዞር ብላ ይህን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ መዘምራኑ ያለ እሷ ጨረሱት።

ባለፈው ዓመትም እንደዚያው ተነሣን። ወረቀቱ ላይ ያለውን ልመና ሚስ ፔል ራሷ አወጣችው። ዘንድሮ በሌላው ጎኔ ከሊድስ በቅርብ የመጣች ሴትዮ ተቀምጣ ነበርና፣ እሷንም በግራ እጄ አነሣኋት። ሲያልቅ ብብቷን እያሻሸች፣ በዚህ አገር ሰው ለምን ተያይዞ እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።

ሚስተር ሱትክሊፍ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለዶሪንም እንኳ።

«ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» አልኳት። «ንጉሡን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። አጠገባቸው የነበረው ሰው ነው ያነሣቸው።»

ሚስተር ሱትክሊፍ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አንዲት የሚንት ከረሜላ አወጡ፣ ወረቀቷን ፈትተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«የግራ ጉልበታቸውን» አሉ።