የሱሪዬ ጭቃ በሲ.ኤም.ሲ ሱቅ

ኢንስፒሬሽን የሚፈልግ ሰው ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል? እኔ ቤት ገብቷል። የእህቴ ልጅ ቤዛዊት የጨርቅ ንድፍ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ያየችውን ሁሉ ፎቶ ታነሳለች። የጎመን ቅጠል፣ የታክሲ ወንበር፣ የጎረቤታችንን ራሰ በራ እንኳን አልማረችም። ሲ.ኤም.ሲ ያለ አንድ የመጋረጃ ሱቅ ግን «እስከ ሰኞ አዲስ ነገር ካላመጣሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ብሏት እንቅልፍ አጥታለች።

ቅዳሜ ጠዋት «ጋሼ፣ እንጦጦ ይውሰዱኝ» አለችኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጣን። ዘንቦ ስለነበር ባሕር ዛፎቹ መሃል አዳለጠኝና በነጭ ሱሪዬ ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ተገልብጬ በእጄ ተደግፌ ልነሳ ስል ከኋላዬ ጮኸች።

«ጋሼ፣ በማርያም እንዳይንቀሳቀሱ!»

ደርቄ ቀረሁ። ጅብ ነው? እባብ ነው? ጸሎት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ዞር ስል ቤዛዊት ተንበርክካ የሱሪዬን መቀመጫ ፎቶ ታነሳለች!

«አብደሻል እንዴ? አጎትሽ ወድቆ!»

«አንዴ ብቻ ጋሼ! ቴክስቸሩን፣ ጭቃው ጨርቁ ላይ የሠራውን መልክ ቢያዩት!» ከደስታዋ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። የሚያለቅስን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ጭቃው ላይ ተደፍቼ ጠበቅኋት።

ሱቁ ከፎቶው የሠራችውን ንድፍ ወደደው፤ ተቀጠረች። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ሳሎናችን አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ጭቃ። ባለቤቴ የማንን ጭቃ እንደገዛች አታውቅም። ልዳስሰው እጄን ስዘረጋ ጮኸችብኝ።

«ተው! በቆሻሻ እጅህ እንዳታበላሸው!»