የዜብራው ምርቃት

እኛ አገር ሰው በእግሩ ሲሄድ ሌላ፣ በጎማ ሲሄድ ሌላ ነው። ካላመናችሁ አንድ ደጃፍ ላይ ቁሙና ታዘቡ። ሁለት ጨዋ የነቀምቴ ሰዎች ለምሳ ተጠርተው በር ላይ ከተገናኙ ወጡ ቀዘቀዘ ማለት ነው። አንዱ «ይግቡ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። ይሄኛው የዚያኛውን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ ሲገፋ ያኛው መቃኑን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፣ «እኔ እያለሁ?» «ምን ሲደረግ?» እየተባባሉ ይታገላሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተሸንፈው እኩል ሲገቡ ትከሻቸው በሩ ላይ ይጣበቃል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን ከምሳ በኋላ መሪ አስጨብጡትና አደባባይ ላይ ጠብቁት። የወለዱት አባቱ በባጃጅ ቢመጡ አያሳልፍም።

ጨዋነቱ የት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የትም አልገባም እላችኋለሁ። የእኛ ጨዋነት ፊት ለፊት የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። በመስታወት ውስጥ ያለን ሰው ገና ሰው ብለን አልቆጠርነውም።

እኔ ይህን ያስተዋልኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስነሳ ነው። እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ወላጆቼ በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ አባቴ አርፏል፣ እናቴ ግን ዛሬም ኑኑ ቁምባ ከተማ ጠርዝ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ባለቤቴ አሮጌ ፒካፕ አለው። ግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን አልረግጥም ካለው ወዲህ መኪናዋ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮዎቻችን እንቁላል የሚጥሉባት ቤት ሆናለች። ስለዚህ እናቴን ማየት ስፈልግ የባለቤቴን ወንድም እለምናለሁ። ደግ ሰው ነው፣ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። «እሺ፣ ነገ» ነው የሚለው። እናቴ ስልክ ላይ «መቼ ትመጫለሽ?» ስትለኝ እኔም የሰውየውን ነገ አቀብላታለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት «እሺ፣ ነገ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያ ነገ አንጀቴን በላው። እናቴን ለማየት የሰው ፈቃድ የሚያስፈልገኝ ከሆነ፣ ፈቃዱን ከመንግሥት አወጣዋለሁ ብዬ ማሠልጠኛ ገባሁ።

አሠልጣኛችን ኦቦ ፈይሳ አደባባይን የሚያስተምረው ጠረጴዛ ላይ በጠርሙስ ቆርኪ ነው። ቀዩ ቆርኪ አደባባዩ ውስጥ ይዞራል፣ ቢጫው ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ቀድሞ ውስጥ ለገባው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ለናንተ ቀላል ይመስል ይሆናል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ እጄን አወጣሁና፣ «ቀዩ ቆርኪ እኔ ብሆን፣ ቢጫው ደግሞ አማቴ ቢሆኑስ?» ብዬ ጠየቅሁት። አማቴ በእግር እንኳ ሲመጡ ከፊታቸው አቋርጬ አላውቅም። ኦቦ ፈይሳ ቢጫውን ቆርኪ ወደ አደባባዩ አስገባው፣ መልሶ አወጣው። እሱም ምራት አለው።

«ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ፣ «ፈተናው ላይ አማትሽ አይመጡም።»

የመንገድ ሕግ ከባድ የሚሆንብን ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። እኛ ማን ይቀድማል ለሚለው ጥያቄ ከልጅነታችን ጀምሮ መልስ ይዘን ነው ያደግነው። ሽበት ይቀድማል፣ እንግዳ ይቀድማል፣ ሐዘንተኛ ይቀድማል፣ ሙሽራ ይቀድማል። ሕጉ መጥቶ ይህን ሁሉ እርሱትና ቀኝና ግራችሁን ብቻ ተመልከቱ ይለናል። እርግጥ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናን ለይቶ ያከብራል፤ እነሱ ግን ዘመዶቼ አይደሉም። የክላክሱም ነገር እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ክላክስ ለማስጠንቀቂያ ብቻ ይላል። እኛ ከተማ አንድ ጊዜ አጠር ተደርጎ ሲነካ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ናችሁ» ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ «ደህና ነን፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» ረዘም ካለ ደግሞ «ለቅሶው ላይ ሳልደርስ ቀረሁ፣ አትቀየሙኝ» ይሆናል። ይህን ሁሉ ንግግር በአንድ አንቀጽ ዝም በሉ ማለት እንዴት ይቻላል? ቢሆንም ሸምድጄ የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። መሸምደድ ሥራዬ ነው።

የተግባር ፈተናው ዕለት የመጣው ፈታኝ መነጽር ያደረገና ፈገግታ የሚቆጥብ ሰው ነበር። ሰላምታችንን በአንገቱ ተቀበለና ሕጉን ነገረን። ያለ ምክንያት ክላክስ የነካ ወድቋል። ለእግረኛ ያልቆመ ወድቋል። ሞተር ሳያጠፋ፣ የእጅ ፍሬን ሳይዝ መሪ የለቀቀ ወድቋል። «በኋላ ለመለመን አትምጡ» ብሎ ጨረሰ። ከእኔ በፊት የገባው፣ ዕድሜውን ሲነዳ የኖረ የሚመስል ነጋዴ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ተመለሰና በሩን ደርግሞ ወረደ። የሠርጉን ሚዜ መንገድ ዳር አይቶ በክላክስ ሰላም ብሎት ኖሯል። «ታዲያ ሚዜዬን ዘግቼው ልለፍ?» እያለ ተራ የምንጠብቀውን በሙሉ ይጠይቃል። ሁላችንም ልክ ነህ አልነው። ፈታኙ ግን ስሜን ጠራ።

ጀምሬ እስከ ገበያው ድረስ ራሴን አደነቅሁ። ፍሬቻ በጊዜው፣ ማርሽ በጊዜው፣ ስፖኪዮ በየጊዜው። ዜብራው ጋ ስደርስ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም አዛውንት በትራቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ቆመዋል። ቆምኩ። እሳቸው ግን አይሻገሩም። በእጃቸው «እለፊ» አሉኝ። እኔም በእጄ «ይለፉ» አልኳቸው። እሳቸው «ኧረ እለፊ»፤ እኔ «ኧረ ይለፉ»። የደጃፉ ትግል አስፋልት ላይ ወጣ ማለት ነው። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱን ለቀቀው፤ ይሄኛው እንኳ ሰላምታ አልነበረም። አዛውንቱ በመጨረሻ ተሸንፈው መሻገር ጀመሩ፣ መሃል ሲደርሱ ግን ከመኪናዬ አፍንጫ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «መኪና ቆሞልኝ አያውቅም።» በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፣ ቀኛቸውን ወደ ላይ አነሱና መመረቅ ጀመሩ።

ወለጋን ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ተመራቂው እስኪያልቅ ቆሞ አሜን ይላል። ምርቃት አቋርጦ የሄደ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም። «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» አሉ፣ ፈጣሪ ይባርክሽ። አሜን አልኩ። መንገድሽ ይከፈት። አሜን። እናትሽን በሕይወት አግኚያት። የእኔን ነገር ማን ነገራቸው? ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አሜኑም ከሌላ ቦታ ወጣ። ከኋላ ይጮህ የነበረው ክላክስ ጸጥ አለ፤ የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ አሜን ሲል ሰማሁት። አዛውንቱ አገሩን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ መኪናዋን ሳይቀር መርቀው «ናጋን ጋሊ» ብለው፣ በሰላም ግቢ ብለው፣ ቀስ እያሉ ተሻገሩ።

ያን ጊዜ ነው እጆቼን ያየኋቸው። እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ዱዓ ሲደረግ እንደሚዘረጋው፣ ሁለቱም ደረቴ ፊት ተዘርግተዋል። ሞተሩ እየሠራ፣ የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ፣ መሪው ለብቻው ቀርቷል። አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። ወደ ቀኜ ዞሬ አጠገቤ የተቀመጠውን ፈታኝ ለማየት ወኔ አጣሁ።

ወደ መነሻችን ስንመለስ በሆዴ ብዙ አወራሁ። ለባለቤቴ ወንድም ምን ብዬ እንደምደውል፣ ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ኑኑ ቁምባ ከእኔ ስትርቅ ይታወቀኝ ነበር። ምርቃቱን ተቀብዬ ፈቃዱን ላጣ ነው። አዛውንቱ ባይመርቁኝ ኖሮ ብዬ እንዳልቆጭ ደግሞ ነውር ሆነብኝ። መኪናዋን አቁሜ የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፤ አሁን ምን ያደርጋል?

«አዴ» አለኝ ፈታኙ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፣ «ሞተር እየሠራ መሪ የለቀቀ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል» አልኩ።

«ይወድቃል» አለ እሱም። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ሲጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያደግሁት። ዓይኔን ስገልጥ መሪውን ይዘዋል። ያላየሁትን አልጽፍም፤ አልፈዋል።»

እስቲ አስቡት። ገበያ መሃል፣ አንዷ መሪ ለቃ፣ አጠገቧ ያለው ተቆጣጣሪ ዓይኑን ጨፍኖ። መጽሐፉ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። በዚያች ሰዓት ግን ያ መንገድ ከነቀምቴ መንገዶች ሁሉ ሰላም ነበር፤ ሁሉም ቆሞ አሜን ሲል ማን ማንን ይገጫል?

ፈቃዱ እጄ የገባ ሳምንት ዶሮዎቹን አስለቅቄ፣ ለማንም ሳልደውል ብቻዬን ነዳሁ። እናቴ የመኪና ድምፅ ሰምታ ወጣች፣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፣ ከዚያ ለቀቀችኝና የመኪናዋን መስኮት በእጇ ከልላ ከፊትም ከኋላም አየች።

«ሹፌሩ የታለ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማየ።»

«አንችማ አንች ነሽ። ሹፌሩን ነው የምልሽ።»

መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ፎቶዬን አየችና «ምነው እንዲህ አከሱሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ ማጀት ገብታ ሁለት ሳህን ይዛ ወጣች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ሌላውን ከድና አስቀመጠችው፣ ይህን ሁሉ መንገድ የነዳ ሰው ሳይበላ አይሸኝም ብላ። አልተከራከርኳትም። የልጇን በላሁ፤ እንደገና እጄን ታጠብኩና የሹፌሩንም በላሁ።